ብድር ከመፈረም እስከ እህል ሽያጭ፦ ለጎንደርና አካባቢው አርሶ አደር የገንዘብ ጥንቃቄ መመሪያ

በጎንደር ዙሪያ ያለ አርሶ አደር በዓመት ውስጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚይዘው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ለማዳበሪያ፣ ለዘርና ለትራክተር ኪራይ ሲበደር ነው። ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት የመተማና የቋራ ሰሊጥ፣ የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የወገራ ገብስ ለገበያ ሲወጣ ነው። አጭበርባሪውም የሚሠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው። በሰኔ የሚደውለው «ብድር ተፈቅዶልዎታል» ይላል፤ በኅዳር የሚደውለው ደግሞ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» ይላል። ይህ መመሪያም ወቅቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ብድሩ፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ ከዚያ ገበያው፣ በመጨረሻም ገንዘብ ከሄደ በኋላ ምን እንደሚደረግ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዙ። በስልክ የመጣ ቃል፣ መልእክትም ሆነ ፎቶ፣ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚባለው ራስዎ ከፍተው ያዩት ቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ይህን በተግባር እንዴት እንደሚያውሉት የሚያሳይ ነው።

ከመበደርዎ በፊት፦ ስንት ብር፣ መቼ

ብዙ ሰው ቅርንጫፍ ይሄድና «ስንት ታበድሩኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የብድሩን መጠን ለአበዳሪው አሳልፎ ይሰጣል። ቅርንጫፍ ከመሄድዎ በፊት ደብተር ይያዙና ወጪዎን ወር በወር ይጻፉ። ግንቦት፦ እርሻ። ሰኔና ሐምሌ፦ ዘርና ማዳበሪያ። ሐምሌና ነሐሴ፦ አረም። መስከረምና ጥቅምት፦ አጨዳ። ከዚያ ጆንያ፣ መጓጓዣና መጋዘን።

ለምሳሌ የግብርና ባለሙያው ለአንድ ሄክታር ጤፍ 100 ኪሎ ኤንፒኤስና 100 ኪሎ ዩሪያ (ሁለቱም የማዳበሪያ ዓይነቶች ናቸው) ቢመክርዎ፣ ባለ 50 ኪሎ አራት ከረጢት ያስፈልግዎታል። ማሳዎ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ግድም ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ 25 ኪሎ ይበቃል። ዋጋውን በቀበሌዎ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይጠይቁና ያባዙት። ባለሙያው የሚመክረው መጠን እንደ አፈሩ ስለሚለያይ የጎረቤትን ልክ አይቅዱ።

የሰሊጥ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የሰሊጥ ትልቁ ወጪ ማዳበሪያ አይደለም፤ ለአረምና ለአጨዳ ለሚመጡት ሠራተኞች፣ ለሳሉጎቹ፣ የሚከፈለው ነው። ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም። ፍሬው ከሥር ወደ ላይ እየደረሰ ይሄዳል፤ ቀኑ ካለፈ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ (እንዲደርቅ የሚቆም የነዶ ክምር) ሆኖ እስኪቆም ድረስ ገንዘቡ በእጅ መኖር አለበት። ብድሩን በሙሉ በግንቦት የተቀበለ ሰው በመስከረም መጨረሻ ባዶ እጁን ይቀራል። በዚያ ሳምንት ሠራተኛው ክፍያ ይጠይቃል፣ ማሳው ይረግፋል፣ ባንክ በሦስት ቀን አያበድርም። የሚቀረው በር አራጣ ወይም ሰሊጡን ሳይታጨድ በርካሽ መሸጥ ነው። ስለዚህ ሲያመለክቱ ብድሩ በሁለት ጊዜ እንዲለቀቅልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንዱ ክፍል በግንቦት፣ ሌላው በመስከረም አጋማሽ። አበዳሪው እሺ ካላለ የአጨዳውን ድርሻ ገንዘቡን በተቀበሉበት ቀን በሌላ ሂሳብ ያስቀምጡና እንዳልነበረ ይቁጠሩት። ወለድ ይቆጥርብዎታል፤ ቢሆንም ከአራጣ ይሻላል።

አራጣን በተመለከተ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት ሰው ለሰው ሲያበድር የሚዋዋለው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም፣ ተበዳሪው ካላመነ ወይም መሐላ ካልቀረበ በቀር፣ ያለ ጽሑፍ ለማስረዳት ያስቸግራል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 712 አራጣን ይቀጣል። አራጣ አበዳሪ 50,000 ብር ሰጥቶ ውሉ ላይ 80,000 የሚያጽፈው ወለዱን ዋና ገንዘብ አስመስሎ ለመደበቅ ነው። ከተቀበሉት በላይ በሆነ ቁጥር ላይ ከፈረሙ ፍርድ ቤት የሚያየው ፊርማዎን ነው።

የማመልከቻው ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ጣሪያውን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲኖር የበጀት ዓመቱ ወደ ሰኔ 30 ሲጠጋ የባንኩ የማበደር አቅም ተሟጥጦ ሊሆን ይችላል። «ወረቀትዎ ሙሉ ነው፤ ግን ይጠብቁ» የሚባለውም አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ያመልክቱ፤ የግንቦትን ወረፋ አይጠብቁ።

ወረቀቱና መያዣው

ወደ ቅርንጫፍ ሲሄዱ የሚይዙት የፋይዳ መታወቂያዎን፣ ከቀበሌ የነዋሪነትና የአርሶ አደርነት ማረጋገጫ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃና ያዘጋጁትን የወጪ ዝርዝር ነው። ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎ አብረው ይሂዱ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚሰፍር፣ የአንዱ ፊርማ ብቻ ያለበት የመያዣ ውል ወይ እዚያው ይመለሳል ወይ በኋላ ክርክር ያመጣል። ወረቀት ከሚያመላልሱ ምክንያቶች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በፋይዳ፣ በደብተሩና በባንክ ሂሳቡ ላይ ያለው ስም አለመግጠሙ ነው፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ ይቀራል፣ ወይም አጻጻፉ ይለያያል። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

በመሬት ስለሚበደሩት ደግሞ ይህን ይወቁ። ለመያዣ የሚሰጡት መሬቱን አይደለም፤ የመጠቀም መብቱን ነው። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324 ይህን ፈቅደዋል። ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር አበዳሪው መሬቱን ሊሸጠው አይችልም፤ ለተወሰነ ዘመን በመብቱ ተጠቅሞ ይመልሳል እንጂ። ውሉ ውስጥ «ሽያጭ» የሚል ቃል ካዩ አይፈርሙ። ለዚህ ብድር የሚያገለግለው ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ነው። ውሉ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ማሳው ለሌላ ሰው የተከራየ ወይም ክርክር ያለበት ከሆነ እዚያ ይያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ መሬት አስተዳደር፣ ቀጥሎ ባንክ።

መሬት ለማስያዝ ካልፈለጉ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በከብት፣ በእህልና በእርሻ መሣሪያ መበደርን ፈቅዷል። ትራክተር ከሆነ ሊብሬው፣ ከብት ከሆነ ብዛቱ፣ ቀለሙና ዕድሜው በውሉ ይገባል፤ መያዣውም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይሰፍራል። እዳውን ሲጨርሱ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤና ከመዝገቡ መሰረዙን የሚያሳይ ወረቀት። ደብዳቤውን ብቻ ይዘው ከተመለሱ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ባንክ «ንብረቱ ተይዟል» ይባላሉ።

የቡድን ዋስትና ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው ግን የሚመጣው ከውስጥ ነው። ከቡድኑ አንዱ በሌላው ስም ተበድሮ ገንዘቡን ያነሳል፤ እሱ ሲጠፋ የሚጠየቁት ቀሪዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ አባል የተለቀቀውን መጠን ሁሉም አባል በተቀመጠበት ያስነብቡ፤ ገንዘቡም በየራሱ ሂሳብ ይግባ እንጂ በሊቀመንበሩ በኩል አይተላለፍ።

ወለዱን ራስዎ ያስሉት

«ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመጀመሪያው ገንዘብ?» ብለው ይጨምሩበት። ለምሳሌ 60,000 ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበደሩ እንበል፤ ክፍያውም በስድስተኛው ወር 30,000፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር 30,000 ነው። በቀሪ ዕዳ ሲሰላ የመጀመሪያው ስድስት ወር ወለድ 5,400፣ የሁለተኛው 2,700፣ በድምሩ 8,100 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ገንዘብ ሲሰላ ግን 10,800 ብር ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ናቸው፤ ልዩነታቸው 2,700 ብር ነው።

ከዚያ ከላይ የሚቆረጠውን ይመልከቱ። ከዚሁ 60,000 ብር 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 5 በመቶ ደግሞ ግዴታ ቁጠባ ቢያዝ በእጅዎ የሚገባው 55,800 ነው፤ ወለዱ ግን በ60,000 ይታሰባል። የወጪ ዝርዝርዎ በትክክል 60,000 ከሆነ ገና ሳይጀምሩ 4,200 ብር ጎድሎብዎታል። ከመፈረምዎ በፊት የክፍያውን ሠንጠረዥ በወረቀት ይቀበሉ፦ ቀኑ፣ ዋናው፣ ወለዱ፣ ከዘገየም የሚጨመረው ቅጣት። የመጀመሪያው የክፍያ ቀን ከአጨዳ በፊት የሚውል ከሆነ እዚያው እንዲስተካከል ይጠይቁ። ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል ማራዘሚያ ይባላል፤ ወጪም አለው።

ሰብል ከተበላሸ፣ በረዶ ከመታው ወይም መንገድ ተዘግቶ ምርቱ ገበያ ካልደረሰ የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ቅርንጫፍ ይሂዱ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የጉዳት ማስረጃ ያያይዙ፤ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ያስገቡና በአንደኛው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስሰፍሩ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰውና ቀድሞ የሚመጣ ሰው በባንክ መዝገብ አንድ ዓይነት አይደሉም።

በብድርና በድጋፍ ስም የሚመጡ አጭበርባሪዎች

አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የባንክ ዓርማ ያለበት ገጽ ይወጣል፤ «ያለ ዋስትና በ24 ሰዓት ብድር» ይላል። ቅጹን ከሞሉ በኋላ «ማስኬጃ» ወይም «ኢንሹራንስ» ተብሎ ትንሽ ብር ይጠየቃሉ። ከላኩ ቀጥሎ ሌላ ምክንያት ይመጣል። ትንሹ ብር የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው 800 ብር ከከፈለ በኋላ 60,000 ብሩን ላለማጣት ሲል ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ይከፍላል። መለያው አንድ ነው። ፈቃድ ያለው አበዳሪ ክፍያውን ከብድሩ ላይ ይቆርጣል ወይም በቅርንጫፉ በደረሰኝ ይቀበላል፤ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ወይም ቴሌብር አይቀበልም።

በቴሌብር በኩል የሚሰጠው፣ «መላ» እንደሚባለው ያለ አነስተኛ ብድር እውነተኛ አገልግሎት ነው፤ ግን የሚጠየቀው ከመተግበሪያው ወይም ከ*127# ውስጥ ነው። «እኔ ላስወጣልዎት» የሚል ሰው የሚፈልገው ሚስጥር ቁጥርዎን ነው። ብድሩ በስምዎ ይወጣል፣ ገንዘቡን እሱ ይወስዳል፣ ዕዳው ለእርስዎ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ «የአርሶ አደር ድጋፍ ምዝገባ» ነው። የውጭ ድርጅት ለማዳበሪያ ገንዘብ ሊሰጥ ነው ይባልና የፋይዳ ቁጥርና ወደ ስልክ የሚመጣ ኮድ ይጠየቃል። እውነተኛ ድጋፍ በቀበሌና በግብርና ባለሙያው በኩል፣ ስም ዝርዝሩ በይፋ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥርዎን ለባንክ መስጠት ተገቢ ነው። በስልክ ለደወለ ሰው ከኮዱ ጋር መስጠት ግን ደብተርንና ማኅተምን አንድ ላይ እንደማስረከብ ነው።

ስለ ማዳበሪያው ራሱም አንድ ቃል። በወረፋ የተማረረ ሰው ከጎን ከሚሸጥለት ይገዛል። ከረጢቱ እንደገና የተሰፋ መሆኑን ክሩን አይተው ያጣሩ። ዩሪያን በቀላሉ መፈተን ይቻላል፤ ሁለት ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያማስሉ። እውነተኛ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም ሲነካ ግልጽ በሆነ ሁኔታ ይቀዘቅዛል። ከሥር አሸዋ ወይም ዱቄት ከቀረ ተደባልቋል። ጨው የተቀላቀለበት ደግሞ ይሟሟል፤ ግን ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

ስልኩ

በመጀመሪያ ሲም ካርዱ በእርስዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ። በልጅ፣ በወንድም ወይም በሞተ ዘመድ ስም ያለ ሲም ላይ የባንክ ሂሳብ ማሰር አደገኛ ነው፤ ባለስሙ ሄዶ ምትክ ካወጣበት ኮዱ ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። መታወቂያ ይዘው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ይሂዱና ያዛውሩት።

ቀጥሎ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ሽፋን ውስጥ ያስቀምጡ። ሲቢኢ ብር (የንግድ ባንክ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት) *847#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ *889#፣ የንግድ ባንክ ጥሪ ማዕከል 951፣ ቴሌብር *127#፣ የቴሌብር ጥሪ 127፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994። በሌላ ባንክ የሚጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩን ከቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይቅዱ፤ ከፌስቡክ አይቅዱ። በኮከብና በመሰላል የሚሠሩት አገልግሎቶች ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ የሞባይል ዳታ በሚጠፋበት ጊዜ ቀሪ ሂሳብ ማየት የሚችሉት በእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥሪው። የሚደውለው ሰው ስምዎን ያውቃል፤ አንዳንዴም የባንክዎን ቅርንጫፍ ያውቃል። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ስምዎ ገንዘብ በላኩለት ሰው ደረሰኝ ሁሉ ላይ አለ። «ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ይላል፤ ያጣድፋል፤ ስልኩን እንዳይዘጉ ይነግርዎታል። በዚያው ደቂቃ በሌላ ስልክ ሂሳብዎን ለመክፈት እየሞከረ ነው፤ ወደ እርስዎ የሚመጣው ኮድ እሱ የጠየቀው ነው። ኮዱን ካነበቡለት በሩን ከፈቱለት። ባንክ ሚስጥር ቁጥርም፣ በመልእክት የሚመጣ ኮድም በስልክ አይጠይቅም፤ በምንም ሁኔታ። ስልኩን ይዝጉ፣ ጽፈው ካስቀመጡት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። በደወለልዎ ቁጥር ላይ ግን መልሰው አይደውሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ዘዴ አለ። «ይህን ኮድ ይምቱ» ብሎ በ*21* የሚጀምርና የስልክ ቁጥር ያለበት ነገር ያስመታዎታል። ይህ ጥሪዎን ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ ለማረጋገጥ ሲደውል የሚያነሳው እሱ ነው። መዞር አለመዞሩን በ*#21# ይመልከቱ፤ ሁሉንም ለመሰረዝ ##002# ይምቱ። ዘመናዊ ስልክ ላላቸው ደግሞ፣ በቴሌግራም የተላከ የኤፒኬ ፋይል (የመተግበሪያ መጫኛ) አይጫኑ፤ የባንክ መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ። ኤኒዴስክን የመሰለ ስክሪን የሚያጋራ ነገር ጫኑ ቢባሉም አይጫኑ፤ የሚጽፉትን ሁሉ ያየዋል።

በወኪል በኩል ገንዘብ ሲያወጡ ሚስጥር ቁጥሩን ራስዎ ይጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት የሚታመን አንድ የቤተሰብ አባል ይወከል፤ ሱቅ ላለ ሰው ስልኩን አቀብሎ «አንተ ጨርሰው» ማለት ይቅር።

ገበያ ላይ፦ ከመመዘን እስከ ማስረከብ

በቅዳሜ ገበያ በሬ ይሽጡ ወይም በገንዳ ውሃ ሰሊጥ ይጫኑ፣ አደጋው የሚመጣው በክፍያውና በማስረከቡ መካከል ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪኑን ያሳያል። ስክሪንሾት በስልክ መተግበሪያ በአንድ ደቂቃ ይሠራል፤ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ስሙ ይቀየራል። መልእክትም እንዲሁ ነው። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ሐሰተኛው ከተራ ስልክ ቁጥር ይመጣና ሲነበብ ግን ቃል በቃል ይመሳሰላል። ሰው ጽሑፉን ያያል እንጂ ላኪውን አያይም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። እህሉ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀሪ ሂሳብዎን ይዩና ቁጥሩን በእጅዎ ይጻፉ። ሚዛኑ ባዶ ሆኖ ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ። ከተመዘነና ዋጋው ከተባዛ በኋላ ገዢው ይላክ። ከዚያ በራስዎ ስልክ *847# ወይም የባንክዎን ኮድ መትተው ቀሪ ሂሳብ እንደገና ይዩ፤ ልዩነቱ ከዋጋው ጋር መግጠም አለበት። በመልእክት የመጣልዎትን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ፤ በራስዎ ይግቡ። የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር በኤፍቲ ይጀምራል፤ ይህን ቁጥር፣ የገዢውን ስልክና የመኪናውን ታርጋ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ጆንያው መኪና ላይ ይወጣል።

«ኔትወርክ ስለሌለ ነው የዘገየ፤ ነገ ይገባል» ሲባል መልሱ «እህሉም ነገ ይጫናል» ነው። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ደላላው ይቆጣል፣ ተሸካሚው ያጉረመርማል። ግን ኔትወርክ በሌለበት ገንዘብ መግባቱን ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ገዢውም ጭምር።

በቼክ ከሆነ መጀመሪያ ቼኩን ወደ ባንክ ይውሰዱና ወደ ሂሳብዎ ይግባ፤ ሲፒኦ (ባንክ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነም ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ያረጋግጥ። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ክሱ ግን እህልዎን ወዲያው አይመልስም።

በጥሬ ገንዘብ ሲቀበሉ በ2013 ዓ.ም. የወጡትን የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች በሦስት ነገር ይፈትኑ። በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ኅትመት ይሰማል፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት በወረቀቱ ውስጥ ምስል ይታያል፤ የደኅንነት ክሩም በወረቀቱ ውስጥ የተቀበረ ነው እንጂ የተለጠፈ አይደለም። ሐሰተኛ ኖት የሚገባው በእስር ብር መሐል ነው፤ ላይና ታቹን ብቻ አይቁጠሩ። ሲመሽ አይቀበሉ።

«በስህተት ልኬልሃለሁ፤ መልስልኝ» የሚል ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። ካልጨመረ ውሸት ነው። በእርግጥ ከጨመረም ከእጅዎ አይላኩ፤ «በባንክዎ በኩል ይጠይቁ፤ ባንኩ ሲያዘኝ እፈቅዳለሁ» ይበሉ። ገንዘቡ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ለሦስተኛ ሰው ከላኩት ዱካው በእርስዎ ስም ያልፋል። ሂሳብ ቁጥርን ማከራየትም ይኸው ነው። ወጣቶችን 2,000 ወይም 3,000 ብር ሰጥተው የባንክ ደብተራቸውን «ለጥቂት ቀን» የሚወስዱ ሰዎች አሉ። በዚያ ሂሳብ የተሰረቀ ገንዘብ ካለፈ ፖሊስ የሚመጣው ወደ ባለ ስሙ ነው፤ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ከባድ ቅጣት አለው። ለልጆችዎ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው።

ከሽያጭ በኋላ፦ ገንዘቡ የት ይደር

በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ድረስ ሽፋን አለው። ከዚህ በላይ ያለው ሰው በሁለት ባንክ ከፋፍሎ ቢያስቀምጠው ተገቢ ነው። የቁጠባ ወለድ ብዙ ጊዜ ከዋጋ ንረት ያነሰ ስለሆነ «ገንዘብዎን በወር 20 በመቶ እናሳድግ» የሚል ድምፅ ጆሮ የሚያገኘውም ለዚህ ነው። ሰው ባመጡ ቁጥር የሚከፍል ነገር ሁሉ ፒራሚድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በእርግጥ ይከፈላቸዋል፤ የሚከፈሉት ከኋለኞቹ ኪስ ነው፤ ለጎረቤት የሚመሰክሩትም እነሱ ናቸው።

ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በር የከፈተውን አዋጅ ቁጥር 1360 ካጸደቀ ወዲህ «አዲስ የሚገባ የውጭ ባንክ አክሲዮን» የሚል ወሬ ለማጭበርበር ምቹ ሆኗል። ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሊያውቀውና ሊፈቅደው ይገባል። ሻጩን «ከባለሥልጣኑ የጸደቀውን ሰነድ አሳየኝ» ይበሉት፤ ካላሳየ እዚያው ይለዩት።

ገንዘብ ከሄደ፦ የመጀመሪያው ሰዓት

እፍረት ብዙ ሰው ዝም እንዲል ያደርገዋል፤ የአጭበርባሪው ትልቁ ጊዜም ያ ዝምታ ነው። ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ እየዘለለ በወኪል ወጥቶ ሊያልቅ የሚችለው በደቂቃዎች ነው።

1. በ951፣ በ127 ወይም በባንክዎ ቁጥር ወዲያው ደውለው ሂሳብዎ እንዲታገድ ይጠይቁ። የግብይት ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የተቀባዩን ስም ይንገሩ፤ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ እንዲያዝም በግልጽ ይጠይቁ። የደወሉበትን ሰዓትና ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም ይጻፉ።

2. ምንም መልእክት አይሰርዙ። የስልክ ጥሪውን ዝርዝር፣ የቴሌግራም ገጹንና ደረሰኙን ፎቶ ያንሱ፤ ገጹ ሊጠፋ ይችላልና።

3. በዚያው ቀን ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፈው ለቅርንጫፉ ያስገቡ፤ ቅጂዎ ላይ ማኅተም ያስመቱ።

4. ለፖሊስ ያመልክቱ። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይታያል። የሌላ ሰው ሂሳብ ታግዶ እንዲቆይና ገንዘቡ እንዲመለስ ባንኩ የፖሊስ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ያለዚህ ቅርንጫፉ ቢያዝንልዎትም እጁ የታሰረ ነው።

5. ባንኩ ካልመለሰልዎት ወይም መልሱ ካላረካዎት ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዘው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ቅሬታ ያቅርቡ። የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያው መጀመሪያ ለባንኩ ማመልከትን ስለሚጠይቅ ያ ቅጂ ከሌለዎት ይመለሳሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሳምንቱ ወይም በወሩ አንድ ሰው ይደውላል፤ «ገንዘብዎ ተገኝቷል፤ ለማስመለሻ ይህን ያህል ይላኩ» ይላል። የተጭበረበሩ ሰዎች ስልክ ቁጥር ይሸጣል፤ ደዋዩ ያንኑ ዝርዝር የገዛ ነው። የተገኘ ገንዘብ የሚመለሰው በባንኩና በመርማሪው በኩል ነው፤ ማስመለሻ ተብሎ በስልክ የሚላክ ክፍያ የለውም። የደወለበትን ቁጥር ይመዝግቡና ማመልከቻዎን ለያዘው መርማሪ ይስጡት።